ስለ ሻጋታ፤ የሚወለድበት ምክንያትና መከላከያው

በክረምት ወራት ዝናሙ ሳያቋርጥ በሚዘንምበት ጊዜ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጠላት ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። በር አይሰብርም፥ ውሻም አይጮህበትም። ነገር ግን በግድግዳው ማዕዘን እንደ ጥቁር ነጥብ፥ በመሶቡ እንጀራ ላይ እንደ አረንጓዴ ጥጥ፥ በሣጥኑ ልብስ ላይ እንደ ዐመድ፥ በጎታው በቆሎ ላይ እንደ ቢጫ ትቢያ ሆኖ ይገኛል። ስሙም ሻጋታ ነው።

ብዙ ሰው ሻጋታን ባየ ጊዜ በጨርቅ ይጠርገዋል፥ እህሉንም አራግፎ ያስፈጨዋል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ሻጋታው ተመልሶ ባገኘው ጊዜ ይደነቃል። ይህም የሚሆነው የሚታየውን ሻጋታ ብቻ አራቀ እንጂ ሻጋታውን የወለደውን ነገር ስላላራቀ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድሞ ሻጋታ ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎ ከምን እንደሚወለድና ምን እንደሚጎዳ፥ በመጨረሻም በምን እንደሚከለከል በየተራው ይነገራል።

1. ሻጋታ ምን እንደ ሆነ

ሻጋታ እድፍ ወይም ዝገት አይደለም፤ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ወገኑም ከእንጉዳይ ጋር ነው። ምንም እንኳ አንዳንዱ አረንጓዴ መልክ ቢኖረው እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሊያዘጋጅ አይችልም። እንደ ፈትል የቀጠኑ ክሮቹን በእንጀራ፥ በእንጨት፥ በቆዳ፥ በጭድ ወይም በእህል ውስጥ ይዘረጋል፤ ከክሮቹም በሚያፈልቀው ፈሳሽ ያረፈበትን ነገር አሟሙቶ ይመጠዋል። ሻጋታ የያዘው ቆዳ የሚበሰብሰውና ሻጋታ የያዘው እንጨት የሚላላው ስለዚህ ነው፤ ሻጋታው እየበላው ነውና።

በላዩ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ትቢያ ደግሞ ዘሩ ነው። ይህ ዘር እጅግ ደቂቅ ከመሆኑ የተነሣ 100 ያህሉ በአንድ መስመር ቢሰለፉ የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት አይሞሉም። ስለዚህ ትንሽ ነፋስ ያነሣዋል፥ ወደ ቤትም ሁሉ ያስገባዋል። የሻጋታ ዘር የሌለበት ቤት በዓለም ላይ አይገኝም። በንጉሥ አዳራሽም በእረኛ ጎጆም አለ፤ በአፈር፥ በልብስና በሚተነፈሰው አየር ውስጥ ይኖራል።

ሻጋታ ሁሉ ግን ክፉ ብቻ አይደለም። በጫካ የወደቀውን ቅጠልና እንጨት አፍርሶ ወደ አፈር የሚመልሰው እርሱና ወገኖቹ ናቸው። ደግሞም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሊቅ በሎንዶን ከተማ አንድ ዓይነት ሻጋታ ደዌ የሚያመጡትን ደቂቅ ነፍሳት ሲገድል ስላየ፥ ከዚያ ሻጋታ ፔኒሲሊን የሚባለው መድኃኒት ተገኘ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በብዙ ድካምና ጥበብ ተጣርቶ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ሻጋታ መድኃኒት ነው ብሎ የሻገተ ዳቦ የሚበላ ሰው ራሱን ያታልላል።

2. ሻጋታ ምን እንደሚፈልግ

ሻጋታ ለመብቀል አራት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ዘር፥ ምግብ፥ ሙቀትና ርጥበት ነው። እነዚህን አራቱን አንድ በአንድ መመርመር የመከላከያውን ብልሃት ይገልጣል።

ዘሩን ማጥፋት አይቻልም፤ ከነፋስ ጋር ይመጣልና። ምግቡን ማራቅም አይቻልም፤ ጭዱ፥ እንጨቱ፥ ቆዳው፥ መጽሐፉና እህሉ ሁሉ ምግቡ ነውና። ሙቀቱንም መከልከል አይቻልም፤ ለሰው የሚስማማው ሙቀት ለሻጋታም ይስማማዋልና። እንግዲህ በሰው እጅ የቀረው አራተኛው፥ ርጥበት ብቻ ነው። ውሃ ያላገኘ የሻጋታ ዘር እንደ ሞተ ሆኖ ይቀመጣል፥ አይበቅልምም። ስለዚህ የሻጋታ ትምህርት ሁሉ ባንድ ቃል ሊጠቀለል ይችላል፤ ርጥበቱን ያልከለከለ ሻጋታውን አይከለክልም።

ለዚህም ነገር ምስክሩ በየቤቱ አለ። ከአንድ ምጣድ ከወጣው እንጀራ ግማሹ በመሶብ ውስጥ ርጥብ እንደ ሆነ ቢቀመጥ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻግታል። የቀረው ተቈራርሶ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ቢሆን ግን ለብዙ ወራት ይቆያል፥ ለመንገደኛም ስንቅ ይሆናል። እህሉ አንድ ነው፥ ምጣዱም አንድ ነው፤ የለያያቸው ውሃ ብቻ ነው። ቋንጣም የሚቆየው በጨውና በቅመም ከመታሸቱ ጋር ውሃው ተሟጦ ስለ ወጣ ነው። እናቶች ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የጎደለው ለምግቡ የሚደረገውን ጥንቃቄ ለቤቱና ለጎተራውም ማድረግ ነው።

3. ርጥበት ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

ርጥበት ወደ ቤት የሚገባው በአራት መንገድ ነው።

አንደኛው ከምድር ነው። ቤቱ ያለ ድንጋይ መሠረት በዝቅተኛ ስፍራ የተሠራ እንደ ሆነ፥ የጭቃው ግድግዳ የመብራት ክር ዘይትን እንደሚስብ የምድሩን ውሃ ወደ ላይ ይስባል። የዚህም ምልክቱ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ያህል የጠቈረና የሚፈረፈር ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ከጣራ ነው። የሣሩ ክዳን የሳሳ፥ ወይም የቆርቆሮው ምስማር የላላ እንደ ሆነ ዝናሙ ይንጠባጠባል። የጣራው ጠርዝ አጭር ሲሆንም ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል።

ሦስተኛው ከቤቱ ከራሱ ውስጥ ነው። ድስቱ ሲፈላ፥ ምጣዱ ሲከደን፥ የታጠበ ልብስ በቤት ሲሰጣ፥ ሰውና ከብት ባንድነት ሲያድር ከሁሉም እንፋሎት ይወጣል። ይህ እንፋሎት የቀዘቀዘ ነገር ባገኘ ጊዜ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ትኵስ ድስት ሲከፈት ከክዳኑ ሥር ውሃ እንደሚንጠባጠብ፥ እንዲሁም በሌሊት የቀዘቀዘ የቆርቆሮ ጣራ በውስጡ ውሃ ያንጠባጥባል። ብዙ ሰው ጣራው የሚያፈስ እየመሰለው ምስማር ይጨምራል፤ ነገር ግን ውሃው የቤተ ሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ነው።

አራተኛው የአየር መታፈን ነው። መስኮት የሌለው ቤት፥ ወይም መስኮቱ ክረምቱን ሁሉ ተዘግቶ የሚከርም ቤት የገባውን ርጥበት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ሣጥኑ፥ አልጋውና ጆንያው ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ሲቀመጡም ከኋላቸው አየር አይዘዋወርም፤ ሻጋታውም በዚያ በስውር ይበቅላል። በድሮው ጎጆ ውስጥ የምድጃው እሳት ቀኑን ሙሉ እየነደደ ጣራውንና ግድግዳውን ያደርቅ ነበር። ነገር ግን ጢሱ ለዓይንና ለሳንባ ደዌ ስለ ሆነ፥ ቤትን በጢስ ማድረቅ ሌላ ጉዳት መግዛት ነው። ጢሱ ይውጣ፥ በእርሱ ፋንታ ንጹሕ አየር ይግባ።

4. ርጥበት ወደ እህል የሚገባበት መንገድ

እህል ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ውሃ አለ። ከ100 ኪሎ በቆሎ ውስጥ ውሃው 13 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን እህሉ ሳይሻግት ሊቀመጥ ይችላል። ከዚህ በበለጠ መጠን ግን አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ያልደረቀ እህል በጆንያ ታምቆ ሲቀመጥ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል፥ ይሞቃልም፤ ሙቀቱና ላቡም ለሻጋታው ይመቸዋል። እጁን ወደ ጆንያው መካከል አግብቶ ሙቀት ያገኘ ሰው እህሉ መበላሸት እንደ ጀመረ ይወቅ።

በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላቸውን በመሬት ጕድጓድ የመቅበር ልማድ አላቸው። ይህ ልማድ እህሉን ከሌባና ከእሳት ይጠብቃል፤ ነገር ግን በጕድጓዱ ግድግዳና በአፉ አጠገብ ያለው እህል ከአፈሩ ርጥበት እየሳበ ይሻግታል። ስለዚህ ጕድጓዱ ውሃ በማይቈርበት ከፍ ባለ ስፍራ ቢቈፈር፥ ዙሪያውም በጭድ ወይም ውሃ በማያሳልፍ ላስቲክ ቢለበስ ጥፋቱ ይቀንሳል።

5. የሻጋታ ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት በሳንባ ላይ ነው። የሻጋታ ዘር በብዛት የሚተነፍስ ሰው ያስነጥሰዋል፥ ያስለዋል፥ ዓይኑም ያሳክከዋል፤ አስም ያለበትም ይብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በአስምና በመተንፈሻ ደዌ የመያዛቸው ዕድል እንደሚበልጥ ገልጧል። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ቀኑን በቤት የሚውሉት ሕፃናት፥ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው፤ በዓይን አይታይምና። በበቆሎ፥ በማሽላ፥ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ታላላቅ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ካለቁ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ፥ መርዙን በመኖአቸው ውስጥ በነበረው በሻገተ የለውዝ ዱቄት አገኙት።

መርዙ ጕበትን ይጎዳል። በብዛት የበላው ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ሆዱ ያብጣል፥ ሊሞትም ይችላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ዘመን የበላው ደግሞ የጕበት ካንሰር ሊይዘው ይችላል። በጎረቤት አገር በኬንያ፥ በማኩዌኒና በኪቱይ አውራጃዎች አካባቢ በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2004) የደረሰው መከራ ለዚህ ምስክር ነው። ሰዎቹ ሳይደርቅ የተሰበሰበውን በቆሎ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ አከማችተው ነበር። በቆሎውም ሻገተ፤ ሌላ የሚበሉት ስላልነበራቸውም በሉት። 317 ሰዎች ታመሙ፥ ከእነርሱም 125ቱ ሞቱ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፥ ይህን መርዝ የቤት እሳት አያጠፋውም፤ ቢቀቀል፥ ቢጋገር፥ ቢቈላም ይቀራል። ሁለተኛ፥ ሻጋታው ተራግፎና ታጥቦ እህሉ ንጹሕ ቢመስልም መርዙ በፍሬው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፥ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለላም የተሰጠ የሻገተ እህል መርዙ በወተቷ ተመልሶ ወደ ሕፃኑ አፍ ይመጣል።

እህል መጣል ለገበሬ ልብ እጅግ ከባድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን፥ ልጆቹም የሚጠብቁትን እህል ሻገተ ብሎ የሚጥል ሰው እንባው ይመጣል። ነገር ግን የኬንያዎቹ አባቶችና እናቶችም ልጆቻቸውን ሊያጠግቡ ብለው ነበር ያበሉአቸው። የተበላሸው ጥቂት ሲሆን የጠቈረውን፥ የተሰበረውንና መልኩ የተለወጠውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም መርዙን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። እህሉ በብዛት የሻገተ እንደ ሆነ ለሰውም ለከብትም ሳይሰጥ፥ ለጠላም ሳይጠነሰስ መጣል አለበት። ከዚህ ሐዘን የሚያድን አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

6. መከላከያው

ስለ ቤት። ቤት የሚሠራ ሰው ከፍ ያለና ውሃ የማይተኛበት ስፍራ ይምረጥ፥ መሠረቱንም በድንጋይ ከምድር ከፍ ያድርግ። ቤቱ ቀድሞ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ክረምት ሳይገባ በዙሪያው ቦይ ይቈፈርለት፥ ውሃውም ወደ ቍልቍለት ይመራ። ክዳኑ በግንቦት ይታይ፤ የሳሳው ይደረብ፥ የላላው ይመታ። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ያለ ይሁን። መስኮት ሲወጣ በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ይሁን፥ አየሩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣልና። በክረምትም ቢሆን ዝናሙ ባባራ ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት። ልብስ በውጭ ይሰጣ፥ ድስት ሲፈላ ይከደን። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ በኖራ ቢቀባ መልካም ነው፤ ኖራ ለሻጋታ አይስማማውምና።

ስለ ዕቃ። ሣጥንና አልጋ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ልብስና ቆዳ ርጥብ እንደ ሆነ አይታጠፍ። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ፍራሹ፥ ጋቢውና አቁማዳው ይሰጣ። የቀድሞ ሊቃውንት የብራና መጽሐፍን በማኅደር አድርገው በእንጨት ኵላብ ላይ የሚሰቅሉት በከንቱ አይደለም፤ በመሬት ላይ የተቀመጠ ብራና ርጥበት ስቦ ይሻግታልና። የትምህርት ቤት መጻሕፍትም በወለል ላይ ሳይሆን ከግድግዳ በራቀ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ።

ስለ እህል። እህል በደንብ ሳይደርቅ አይከማች። ሲሰጣም በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ይሁን፥ አፈሩ ርጥበትንም የሻጋታን ዘርንም ይሰጠዋልና። ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሰብሰብ። ሲደርቅም ከፀሐይ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ጎተራው በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ከምድር ከፍ ይበል፥ ክዳኑም ዝናም አያስገባ። በቤት የሚቀመጠው ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳም አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ። የሻገተው አሮጌ እህል ከአዲሱ ጋር አይደባለቅ፤ ጎታውም አዲስ እህል ሳይገባበት ተጠርጎ በፀሐይ ይድረቅ። አሁን በገበያ የሚገኘው አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ነቀዝን ይከለክላል፤ ነገር ግን ያልደረቀ እህል ቢገባበት ርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋልና አስቀድሞ ማድረቅ ግዴታ ነው።

7. ሻጋታ ከያዘ በኋላ ስለሚደረገው ነገር

በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲታይ ስለሚደረገው ሥርዓት ተጽፏል። በዚያ እንደ ተነገረው ቤቱ አስቀድሞ ባዶ ይደረጋል፥ 7 ቀን ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ምልክቱ የሰፋ እንደ ሆነ የተያዘው ድንጋይ ይወጣል፥ ግድግዳው ይፋቃል፥ በሌላ ጭቃም ይመረጋል። ሁሉ ተደርጎ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ሥርዓቱ ስለ መንጻት የተሰጠ ቢሆንም፥ የቤት ሻጋታን ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬም የሚደረገው በተራ ነው። በመጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈን ወይም ቦዩ ይቈፈር፤ ይህ ሳይደረግ መፋቅና መቀባት ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚያጸዳው ሰው አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፥ ሕፃናትም ከቤት ይውጡ። ሻጋታ በደረቁ አይጠረግ፥ ዘሩ ተበትኖ ቤቱን ይሞላልና፤ በሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ ይታጠብ፥ ከዚያም ፈጥኖ ይድረቅ። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከሌላ ማጽጃ ወይም ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር ከቶ አይቀላቅለው፤ የሚገድል መርዛም አየር ሊያወጣ ይችላልና። የጭቃው ምርጊት የተበላሸ እንደ ሆነ ተፍቆ ይውጣ፥ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቅ፥ ከዚያም እንደ ገና ይመረግ። ዝናም የገባበት ልብስ፥ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አይቀድመውም። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ግን የሻገተው ጫፍ ተቈርሶ የቀረው አይበላ፤ ክሮቹ ወደ ውስጥ ዘልቀዋልና።

8. በትምህርት ቤት የሚደረግ ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ በእንጀራ ነው። አስተማሪው ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ያምጣ። ባንዱ ርጥብ እንጀራ፥ በሁለተኛው ድርቆሽ አድርጎ አፋቸውን ይክደን። ተማሪዎቹ በየቀኑ ተመልክተው ያዩትን በደብተራቸው ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ የሻገተው ጠርሙስ ሳይከፈትና ሳይሸተት ይቀበር።

ሁለተኛው ሙከራ በጨው ነው፤ ይህንም ተማሪው ለአባቱ ጎተራ ሊጠቀምበት ይችላል። ደረቅ፥ ንጹሕና ክዳን ያለው ጠርሙስ ይመጣል። እስከ ሲሶው በቆሎ ይጨመርበታል፥ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው። ከዚያ ተከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል ይናወጣል፥ ለ15 ደቂቃም ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንደ ሆነ በእህሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 እጅ ከ15 ይበልጣልና እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ያልተለጠፈ እንደ ሆነ ውሃው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለብዙ ወራት የሚቀመጠው በቆሎ ግን ወደ 13 እንዲወርድ ጥቂት ቀን ደግሞ ይሰጣ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ቦይ በዶማ ይቈፈራል፥ መስኮት በእጅ ይከፈታል፥ ፀሐይም ለሁሉ በነጻ ትወጣለች። የሻጋታ ዘር በየቤቱ ደጃፍ ሁልጊዜ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚያስገባው ርጥበት ነው። ርጥበቱን የከለከለ ቤተ ሰብ እህሉን፥ ልብሱንና የልጆቹን ጤና ጠበቀ።

ጥያቄ

1. ለሻጋታ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ከእነርሱስ ሰው ሊከለክል የሚችለው የትኛውን ነው? ስለ ምን?
2. ካንድ ምጣድ ከወጣ እንጀራ በመሶብ ያለው ሲሻግት ድርቆሹ የማይሻግተው ስለ ምንድር ነው?
3. ዝናም ሳይዘንም የቆርቆሮ ጣራ በሌሊት የሚያንጠባጥበው ውሃ ከየት ይመጣል?
4. የሻገተ በቆሎ ቢታጠብና ቢቀቀል የማይበላው ስለ ምንድር ነው? ለላም ቢሰጥስ ምን ይሆናል?
5. ተማሪው ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ርጥበት የሚገባበትን ስፍራ ፈልጎ፥ ከወላጆቹ ጋር ተማክሮ ምን እንደሚደረግ ጽፎ ያምጣ።